ማን ነው የሚያሳድግሽ?

«እንደገና!» አለች ቬርና። የሻይ ማንኪያውን እንደ ዳኛ መዶሻ ጠረጴዛው ላይ ኳ አደረገችው። «ሙሉ ስም?»

«ኦፓል ዊትከም። ኧረ እማዬ፣ ስሜ እንኳ አይጠፋኝም።»

«እኔ እናትሽ አይደለሁም፣ ዳኛ ነኝ። ማን ነው የሚያሳድግሽ?»

«አያቴ ናቸው።»

«እናትሽስ?»

ኦፓል ሳህኗ ላይ የቀረውን ቦሎቄ በሹካ ወዲያና ወዲህ ገፋችው። «እናቴ እንደገና ጀምራለች።»

«ምኑን ነው የጀመረችው? ሹራብ መሥራት ነው? ስሙን ጥሪው እንጂ!»

«ክኒን። ክኒን መውሰድ ጀምራለች።»

«ጎበዝ! አየሽ? ምንም የለውም።» ቬርና ማንኪያውን አስቀምጣ የበቆሎ ዳቦ ቆረሰች። ግን አልበላችውም፤ መልሳ ሳህኑ ላይ አኖረችው።

ከወዲያኛው ክፍል የቴሌቪዥን ድምፅ ይሰማል። የኦፓል ታናሽ እህት ፐርል ካርቱን እያየች ትንከተከታለች። ገና ሁለተኛ ክፍል ናት። ወጥ ቤት ውስጥ እናቷ በገዛ ልጇ አፍ ራሷን እያሰደበች መሆኑን በምን ታውቃለች?

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ቬርና ክኒን የሚባል ነገር ከተወች ሁለት ዓመት አልፏታል። ባሏ የድንጋይ ከሰል ማውጫ ጉድጓድ ውስጥ ጣሪያው ተንዶበት በሞተ ሰሞን፣ ለወገቧ ሕመም ብሎ ሐኪም ያዘዘላት ክኒን ቀስ በቀስ እሷኑ ማዘዝ ጀመረ። ሥራዋን አሳጣት። ሁለት የፊት ጥርሶቿን አሳጣት። አንድ ክረምት ሙሉ ልጆቿንም አሳጣት፤ ኦፓልና ፐርል ያንን ክረምት በማያውቋቸው ሰዎች ቤት አሳለፉት። ከዚያ ቬርና የሱሰኞች ጉዳይ የሚታይበት ችሎት ገባች። በየሳምንቱ ዳኛዋ ፊት እየቆመች፣ ሽንቷን እየተመረመረች፣ እየወደቀች እየተነሳች ጨረሰችው። የጨረሰች ቀን ችሎቱ ቆሞ አጨበጨበላት። ዳኛ ራትሊፍ ከወንበራቸው ወርደው አቀፏት። የምስክር ወረቀቷ በመስታወት ተደርጎ እነሆ ከፍሪጁ በላይ ተሰቅሏል።

አሁን ያንኑ ችሎት ገብታ፣ እኒያኑ ዳኛ ፊት ቆማ «ወደቅኩ» ልትል ነው። ሳትወድቅ።

ይህ ሁሉ ጣጣ የመጣው በአንድ ተራራ ምክንያት ነው። የእነ ኦፓል ቤት ከተራራው ወዲህ፣ ዌስት ቨርጂኒያ ነው። የአባቷ አባት አባባ ሩፈስ ያሉት ከተራራው ወዲያ፣ ቨርጂኒያ ነው። የትምህርት ቤቱ አውቶቡስ ጫፉ ላይ ሲደርስ የአያቷ ቤት የጭስ ማውጫ ወለል ብሎ ይታያል። በአንድ የእሑድ ምሳ ሁለት ግዛት ይረገጣል። ኦፓል የምትመኘው ዩኒቨርሲቲ ደግሞ የወዲያኞቹ ነው።

ለምን እሱን እንደተመኘች የሚጠይቃት ሰው ካለ ወንዙን ታሳየዋለች። በቤታቸው ጓሮ የሚያልፈው ወንዝ ብርቱካናማ ነው። ከተዘጉት የከሰል ጉድጓዶች የሚወጣው ውሃ ድንጋዩን ሳይቀር እንደ ዛገ ቆርቆሮ ቀብቶታል። ዓሣ የለበትም፣ እንቁራሪት የለበትም፤ ውሻ እንኳ አሽትቶት ነው የሚያልፈው። አምና አንዲት የዚያው ዩኒቨርሲቲ አስተማሪ ናሙና ሊወስዱ መጥተው ድልድዩ ሥር ኦፓልን አገኟት። ከእሳቸው ጋር ጉልበቷ ድረስ ገብታ ስትቀዳ ዋለች። ሲሄዱ «እንዲህ ያለ ውሃ ነፍስ እንዲዘራ የሚያደርግ ትምህርት አለን፤ ነይ» አሏት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ነገር አላሰበችም። ሌሊት ሌሊት እንኳ የምታልመው ጥርት ያለ ውሃ ሆነ።

ትምህርት እንደተከፈተ ለአማካሪያቸው ለአቶ ጊልመር ይህንኑ ነገረቻቸው። አቶ ጊልመር ውጤቷን አገላብጠው አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ልጄ፣ ውጤትሽ ግሩም ነው። ግን አልዋሽሽም። ያ ዩኒቨርሲቲ የመንግሥት ነው፤ መጀመሪያ የሚያየው የራሱን ግዛት ልጆች ነው። ለሌላ ግዛት ተማሪ የሚተርፈው ቦታ ትንሽ ነው፤ ለዚያች ትንሽ ቦታ ደግሞ አገር ምድሩ ነው የሚጋፋው። ቀንቶሽ ብትገቢ እንኳ ክፍያው ሦስት እጥፍ ነው።»

«አያቴ እኮ እዚያው ማዶ ናቸው። ከአውቶቡስ ላይ ቤታቸው ይታያል!»

«አያትሽ ሕጋዊ አሳዳጊሽ ቢሆኑ እንደ ግዛቱ ልጅ ትቆጠሪ ነበር» አሉና፣ የተናገሩት ወዲያው የጸጸታቸው ይመስል መነጽራቸውን አወለቁ። «ግን ለትምህርት ተብሎ የተደረገ መሆኑ ከታወቀ አይቀበሉትም። እውነተኛ ምክንያት ይፈልጋሉ። አንቺ ደግሞ ተመስገን ነው፣ ደህና እናት አለሽ።»

ኦፓል ይህን ለእናቷ የነገረቻት ለወሬ ያህል ነበር። ቬርና ከምትሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ ልብስ ማጠቢያ ክፍል መምጣቷ ነው፤ እጇ በሳሙና ተቆራርጧል። ፎጣ አንስታ ጣቶቿን አንድ በአንድ አደረቀች።

«እውነተኛ ምክንያት ነው የሚፈልጉት?» አለች በመጨረሻ። «ታዲያ እኔ አለሁልሻ!»

*

«የምሬን ነው፣ የችሎቱ ቀን ፀጉርሽን እንዳታበጥሪ» አለቻት ሬይሊን፣ ትምህርት ቤት የምሳ ሰዓት ላይ። ሬይሊን ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ ያልተለየቻት ጓደኛዋ ናት፤ አፏ ግን ለጓደኛም አይመለስም። «የተጣለ ልጅ መምሰል አለብሽ። ጫማሽ ብቻውን ይመሰክርልሻል፣ እሱን አትቀይሪው።»

«አቦ አትቀልጂ! ሙድ አትያዢብኝ።»

«እሺ፣ እሺ።» ሬይሊን የድንች ጥብሷን ወደ ኦፓል ገፋ አደረገችላት። ከዚያ ፊቷ ድንገት ተቀየረ። «ቆይ ግን፣ እናትሽ ለምርመራው ምን አሰበች?»

«የምን ምርመራ?»

«ኧረ ፋራ አትሁኚ! አጎቴ እኮ እዚያ ችሎት ሲመላለስ ነው የኖረው። ዳኛ ራትሊፍ በአፍ አያምኑም። ‹ጀመርኩ› ያለ ሰው እዚያው በዚያው ትንሽ ኩባያ ይዞ ሽንት ቤት ይገባል። እናትሽ ንጹሕ ሆና ብትገኝስ? ‹ታዲያ ለምን ዋሻችሁ?› ሲባል ምን ልትሉ ነው?»

ኦፓል ድንች ጥብሱን መልሳ ወደ ሬይሊን ገፋችው። ማታ እናቷ ሰሃን ስታጥብ አጠገቧ ሄዳ ቆመች።

«እማዬ፣ ሽንት ይመረምሩሻል እኮ። አስበሽበታል?»

«አስቤበታለሁ።»

«ምን ብለሽ?»

«አስቤበታለሁ አልኩሽ እኮ! አንቺ መልስሽን አጥኚ፣ ሌላውን ለኔ ተዪው።» ቬርና ቀና ብላ እንኳ አላየቻትም። ሰሃኑን ከጠራ በኋላም ስታሸው ቆየች።

*

የችሎቱ ቀጠሮ ቀን ጠዋት ውርጩ ሜዳውን አንጥቶት ነበር። የዩኒቨርሲቲው ማመልከቻ የሚዘጋው በዚያው ሳምንት መጨረሻ ነው። ፐርልን አውቶቡስ ከወሰዳት በኋላ ቬርና ከመታጠቢያ ክፍል ውስጥ ሆና «ሂጂ መኪናውን አሙቂው!» ብላ ጮኸች። ኦፓል ቁልፉን አንስታ፣ በር ሥር የተሰቀለውን የእናቷን ኮት ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ወጣች። የእሷ ጃኬት ዚፑ ከተበላሸ ቆይቷል።

ፒካፑን አስነሳች። ማሞቂያው እስኪሠራ እጇን ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተተች። የተጣጠፈ ሶፍት አገኘች። መስታወቱን ልጠርግበት ብላ ገለጥ ስታደርገው መሃሉ ላይ አንዲት ክኒን ተቀምጣለች።

ሐኪም ያዘዘው መድኃኒት በሶፍት ተጠቅልሎ ኪስ ውስጥ አይገባም። ይህቺን ደግሞ ታውቃታለች። በልጅነቷ አልጋ ሥር፣ ሶፋው ስንጥቅ ውስጥ፣ አንዴም በፐርል ጫማ ውስጥ ያገኘቻት ናት። እናቷ «አስቤበታለሁ» ያለችው ገባት። ቬርና ሐሰቱን እውነት ልታደርገው ነው። ለኩባያው።

ኦፓል ያኔ ያደረገችውን ነገር ዕድሜ ልኳን አትረሳውም። አልጮኸችም። ወደ ቤት ሮጣ «ይሄ ምንድን ነው?» አላለችም። ክኒኗን አየቻት፣ ከዚያ ወንዙን አየችው። ብርቱካናማው ውሃ በውርጩ መሃል ጭስ እያወጣ ይወርዳል። አንድ ናት፣ አለች በሆዷ። አንድ ክኒን ምን ታመጣለች? እማዬ አሁን ጠንካራ ናት። ራሷ ነች ያሰበችው፣ እኔ አልጠየቅኳት። እኔ ምንም አላየሁም። ሶፍቱን እንደነበረው አጠፈችና መልሳ ኪሱ ውስጥ ከተተችው።

ቬርና ከንፈሯን ቀለም ተቀብታ ወጣች። የዛሬ ሁለት ዓመት ለምርቃቷ የለበሰችውን ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳለች። «ኮቴን አምጪው፣ በረደኝ» አለች። ኦፓል አውልቃ ሰጠቻት። ቬርና ኮቱን ስትለብስ በእጇ ኪሱን ዳበስ አድርጋ ልጇን ሰረቅ አድርጋ አየቻት። ኦፓል መስታወቱን እየጠረገች ነበር።

መንገዱን ሙሉ ሬዲዮው ብቻ ነው ያወራው። አንዴ ቬርና እጇን ሰድዳ የልጇን ጉልበት መታ መታ አደረገችላት። «አይዞሽ» አለች። «መልስሽን አጥርተሽ ነው የያዝሽው።» ያቺ እጅ ቀዝቃዛ ነበረች። ኦፓል ማልቀስ አማራት፤ ግን ማልቀስ ከጀመረች የምትናገር ስለመሰላት ከንፈሯን ነክሳ ያዘችው።

*

አባባ ሩፈስ ቀድመው ደርሰው የፍርድ ቤቱ ኮሪደር ላይ ተቀምጠዋል። ለቀብር ብቻ የሚለብሱትን ጥቁር ሙሉ ልብስ ለብሰዋል። ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው እንደ መሪ ያሽከረክሩታል። ዕድሜያቸውን ሙሉ እንኳን ፍርድ ቤት፣ ፖስታ ቤት መሄድ የማይወዱ ሰው ናቸው።

«ደህና አደሩ፣ አባባ» አለች ቬርና።

«ምን ደህና ማደር አለ፣ ቬርና? መጽሐፍ ቅዱስ ላይ እጄን ጭኜ ልዋሽ፤ በስተርጅናዬ!» አሉ ሽማግሌው። ግን ተነስተው ወንበር ለቀቁላት።

«ስለ ኦፓል ነው፣ አባባ።»

«አውቃለሁ ስለ ኦፓል እንደሆነ! ባላውቅ እዚህ ምን ቆርጦኝ እመጣ ነበር?»

ተራቸው እስኪደርስ ተቀመጡ። የችሎቱ በር በተከፈተ ቁጥር የዳኛዋ ድምፅ ይሰማል፤ ረጋ ያለ፣ የማይቸኩል ድምፅ ነው። በዚያ ድምፅ ነበር አንድ ጊዜ «ቬርና፣ ኮርተንብሻል» የተባለው። አሁን ቬርና ያ ድምፅ በተሰማ ቁጥር አንገቷን ታቀረቅራለች።

አባባ ሩፈስ ወደ ኦፓል ጠጋ አሉ። ዝም ማለት ሲከብዳቸው የሚያወሩት ስለ ዕቃ ነው። «ፎቁን አጽድቼዋለሁ» አሏት። «ምድጃውን አስጠግኛለሁ። አልጋዎቹንም ትናንት ገጣጠምኳቸው። የፐርል በመስኮቱ በኩል ነው፣ ላሞቹን እንድታይ።»

«የፐርል?»

«እህ! እሷም አብራሽ ትመጣለች እንጂ። ዳኛዋ ሕፃን ልጅ ክኒን ከሚውጥ ሰው ጋር ይተዋሉ ብለሽ ነው? እናትሽ ነች እኮ ሁለት አልጋ አዘጋጁ ያለችኝ። አልነገረችሽም?»

ኦፓል ወደ እናቷ ዞረች። ቬርና ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ እያነበበች ነው፤ ወይም የምታነብ መስላለች።

ያን ጊዜ የራሳቸው ቤት ታያት። የፐርል ካርቱን የማይሰማበት፣ ሁለት ወንበር ባዶ የሆነበት ቤት። እናቷ ብቻዋን፣ ከሥራ መጥታ መብራት ሳታበራ፣ የክኒን ሻጩን ስልክ ቁጥር ይዛ። አንድ ክኒን ምን ታመጣለች ብላ ጠዋት የጠየቀችው ጥያቄ መልሱ ይኸው ነበር። ደግሞም ጠዋት ሳትጠይቀው በፊት ታውቀው ነበር።

ቬርና ብድግ አለች። ቦርሳዋን ለኦፓል ሰጠቻት። «ያዥልኝ፣ ሽንት ቤት ደርሼ ልምጣ» አለች። ኮቷን አላወለቀችም። ኮሪደሩ ውስጥ እኮ ማሞቂያው ከመጠን በላይ ይነዳል፤ ሰው ሁሉ ኮቱን አውልቆ ይዟል።

ተረከዟ ኮሪደሩ ላይ ቀጭ ቀጭ እያለ ራቀ። ኦፓል ቦርሳውን እንዳቀፈች ተቀምጣለች። ዝም ብትል በቃ። ዝም ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅባት። ምንም ሳትሠራ፣ ጣቷን ሳታነሳ፣ የግዛቱ ልጅ ትሆናለች።

ቦርሳውን አያቷ ጭን ላይ ወርውራ ሮጠች።

ቬርና የእጅ መታጠቢያው ፊት ቆማለች። ቧንቧው ተከፍቶ ይፈሳል። ሶፍቱ ተገልጦ ከሳሙናው አጠገብ ተቀምጧል። ክኒኗ መዳፏ ላይ ናት።

«ውጪ፣ ኦፓል።»

«አልወጣም።»

«ውጪ አልኩሽ! ይጠሩናል፣ ጊዜ የለም።»

«እማዬ፣ በሞቴ ጣያት።»

«አንድ ናት። ለዛሬ ብቻ ናት።»

«ያኔም አንድ ነበረች! ያኔም ለዚያ ቀን ብቻ ነበረች!»

ቬርና ዓይኗ ደም ለበሰ። «ታዲያ ምን ላድርግ? ንገሪኛ! ያንን ቆሻሻ ወንዝ እያየሽ እዚህ እንድትበሰብሺ ነው የምትፈልጊው? ያቺን ክረምት ያሳለፍሽው በኔ ነው። በየቦታው ዕቃሽን በላስቲክ ይዘሽ የዞርሽው በኔ ነው። እኔ ክፉ እናት መሆኔ አንድ ቀን እንኳ ለአንድ ነገር ይጥቀምሽ!»

«ክፉ አይደለሽም።»

«ውጪልኝ፣ ልጄ።»

ኦፓል በሩን በጀርባዋ ዘጋችው። የምትለው ነገር ምላሷ ላይ ከብዷት ነበር። «ጠዋት አይቼዋለሁ» አለች። «ኮትሽን ስለብስ። አገኘሁት፣ አየሁት፣ መልሼ ከተትኩት። ይሄን ሁሉ መንገድ አጠገብሽ ተቀምጬ ዝም አልኩ። እንድትውጪው ፈልጌ ነበር፣ እማዬ።»

ቬርና በመስታወቱ ውስጥ አየቻት። የምትቆጣ መስሎ ነበር። አልተቆጣችም። የዚያ ሁሉ ቀን ልፋት ከፊቷ ላይ ወርዶ ቁጭ አለ፤ ያለ ዕድሜዋ አሮጊት መሰለች።

«ብትውጪው ዩኒቨርሲቲ እገባለሁ» አለች ኦፓል፤ እንባዋ ይወርዳል፣ አልጠረገችውም። «ከዚያ እዚያ ሆኜ በየማታው ልደውል ነው፤ ታነሺ ይሆን ወይስ አታነሺም እያልኩ። ፐርልስ? ‹እማዬ የት ሄደች?› ስትለኝ ምን ልበላት? ‹እኔ ትምህርት ቤት እንድገባ ነው› ልበላት?»

እጇን ዘረጋች። ቬርና ክኒኗን አልሰጠቻትም።

ውሃው ይፈሳል። ኦፓል እጇን እንደዘረጋች ቆማ፣ ቀስ በቀስ፣ ማየት የማትፈልገውን ነገር አየች። እናቷ ክኒኗን የምታያት እንደ ጠላት አልነበረም። አውራ ጣቷ ሳታውቀው ይደባብሳታል። ያ ሁሉ «ስለ ኦፓል ነው» እውነት ነበር፤ ግን ከሥሩ ሌላም ነገር ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ጥሩ ምክንያት ሲጠብቅ የኖረ ነገር። ቬርናም ልጇ ያንን እንዳየችባት አወቀች። ፊቷን በሌላ እጇ ሸፈነች።

«ውሰጃት» አለች በጣቶቿ መሃል። «ቶሎ በይ። ቶሎ በይ፣ ውሰጃት።»

ኦፓል ክኒኗን ነጠቀቻትና መጸዳጃው ውስጥ ጥላ ውሃ ለቀቀችባት። ከዚያ ደግማ ለቀቀች። ቬርና ወለሉ ላይ፣ በዚያ በሰማያዊ ቀሚሷ፣ ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ ብላ ነበር። ከውጭ የችሎቱ ተጣሪ ስማቸውን ጠራ። ዊትከም። ትንሽ ቆይቶ እንደገና ጠራ።

ኦፓል ወጥታ ወደ አያቷ ሄደች። ሽማግሌው የሴት ቦርሳ አቅፈው ግራ ገብቷቸው ቆመዋል።

«አባባ፣ ግቡና የአሳዳጊነቱን ማመልከቻ አንስተነዋል በሏቸው።»

«ምን ሆናችሁ? ምን ተፈጠረ?»

«ምንም አልሆነም። ትተነዋል በሏቸው ብቻ። እናቴን ወደ ቤት ልወስዳት ነው።»

አባባ ሩፈስ የልጅ ልጃቸውን ፊት አዩ፣ የተከፈተውን የሽንት ቤት በር አዩ። ኮፍያቸውን ብብታቸው ሥር አድርገው አንዲት ቃል ሳይጨምሩ ወደ ችሎቱ ገቡ።

*

ከሰዓት በኋላ ኮራ መጣች። ኮራ ከቬርና ጋር የሱስ ማገገሚያ የነበረች፣ ወፍራም፣ ድምፀ ጎርናና ሴት ናት። ኦፓል ነች እናቷ ስልኩን ይዛ አልደውልም ስትል «አንቺ ካልደወልሽ እኔ እደውላለሁ» ያለቻት። ኮራ ስትገባ ስለ ክኒኗ አልጠየቀችም። የመጀመሪያ ሥራዋ የቬርናን ስልክ ተቀብላ አንድ ቁጥር ማጥፋት ነበር። ከዚያ «ዛሬ እዚህ ነው የማድረው፣ ሶፋውን የያዘ ይልቀቅ» አለች። ሶፋው ላይ ፐርል ነበረች፤ በታላቅ ደስታ ለቀቀችላት።

ቬርና ሁለት ጊዜ ተነስታ ወደ ጓሮ በር ሄደች፤ ሁለቱንም ጊዜ ኮራ «ወዴት ነው?» ብላ መለሰቻት። ኦፓል ይህን ሁሉ እያየች የትምህርት ቤቱን ላፕቶፕ ጠረጴዛው ላይ ከፈተች። ወዲያው መልሳ ዘጋችው። ይህቺን ሴት ጥሎ መሄድ ይቻላል? አለመሄድስ? አላወቀችም። አቶ ጊልመር ያሉትን አስታወሰች፤ ለዚያች ትንሽ ቦታ አገር ምድሩ ነው የሚጋፋው። እንግዲህ እሷም ሄዳ ትጋፋለች። ባይቀበሏትም እሷ መጠየቋ አይቀርም።

እንደገና ከፈተችውና የዩኒቨርሲቲውን ማመልከቻ አወጣች።

ቬርና ወንበር ስባ አጠገቧ መጣች። «ላንብብልሽ» አለች። «ዝም ብዬ ስቀመጥ እጄ አያርፍም። እኔ ላንብብ፣ አንቺ ጻፊ።»

«እሺ።»

«ሙሉ ስም?»

ኦፓል ጻፈች።

«የየት ግዛት ነዋሪ ነሽ?» አለች ቬርና። ኦፓል ለአፍታ ያህል የአያቷን የጭስ ማውጫ አሰበች። ከዚያ ከተራራው ወዲህ ያለውን፣ የራሷን ግዛት መረጠች። ስክሪኑ ከላይ በኩል «የሌላ ግዛት አመልካች» የሚል ቀይ መስመር አወጣ። ቬርና አየችው። ዓይኗን ወደሚቀጥለው ጥያቄ አወረደች።

«ከማን ጋር...» ብላ ቬርና ቆመች። ስክሪኑ ላይ የተጻፈው ጥያቄ፣ ሳምንቱን ሙሉ በሻይ ማንኪያ ጠረጴዛ እየመታች ስታስጠናት የነበረው ጥያቄ ነው። «ከማን ጋር ነው የምትኖሪው? ማን ነው የሚያሳድግሽ?»

«እናቴ» አለች ኦፓል።

ማንም አላስጠናትም። ጻፈችውና የፊደሉን አጻጻፍ አንዴ አረጋገጠች፤ ቬርና ዊትከም።

ቬርና በተቆራረጠው እጇ አፍንጫዋን ጠረገች። ሶፋው ላይ ኮራ ለፐርል ካርድ መጫወት እያስተማረቻት ነው፤ ፐርልም ከአሁኑ ታጭበረብራለች።

«ቀጥዪ፣ እማዬ» አለች ኦፓል። «ገና ብዙ ይቀራል።»